በሐርጌሳ የተማሩት ደራሲ፤ የወይዘሮ ማርጋሬት ሎረንስ ሕይወትና ሥራ

መምህር የሚባለው ሌላውን የሚያስተምር ሰው መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከማስተማር አስቀድሞ መማር፣ ከመማርም አስቀድሞ ማዳመጥ እንደሚገባ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ለማዳመጥ ያልታደለ ሰው የመምህርነትን ስም ሊይዝ ይችላል፤ ግብሩን ግን አያገኘውም። ይህን እውነት በሕይወታቸውም በብዕራቸውም ካስመሰከሩት ሰዎች አንዷ ካናዳዊቱ ደራሲ ወይዘሮ ማርጋሬት ሎረንስ ናቸው። በአገራቸው በሃያኛው መቶ ዓመት ከተነሡት የልብ ወለድ ደራሲዎች መካከል በመጀመሪያው ረድፍ የሚቈጠሩት እኒህ ሴት፣ ጥበባቸውን የተማሩት በኮሌጅ ብቻ አልነበረም። ከትምህርታቸው ዋናውን ያገኙት በሐርጌሳ ከተማና በሐውድ ሜዳ፣ ፊደል ካልቈጠሩ ግመል ጠባቂዎችና ባለቅኔዎች አፍ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ማርጋሬት ዌምስ የተወለዱት በካናዳ፣ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ ኒፓዋ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ በጁላይ 18 ቀን 1926 ነው። አባታቸው ሮበርት ዌምስ የሕግ ጠበቃ ነበሩ። ልጅነታቸው ሐዘን የበዛበት ነበር። ገና በ4 ዓመታቸው እናታቸውን በሞት ተነጠቁ። በመምህርነት ሙያ ይኖሩ የነበሩት አክስታቸው፣ የእናታቸው እኅት፣ ሥራቸውን ትተው ሙት ልጅ ለማሳደግ መጡ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የልጅቱን አባት አገቡ። አባትየውም በ1935 ሲሞቱ ማርጋሬት የ8 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ሰቡ በእናታቸው አባት ቤት ተጠግቶ ኖረ።

በኢትዮጵያ ተረት እንጀራ እናት ዘወትር በክፉ ትነሣለች። የማርጋሬት እንጀራ እናት ግን የተረቱ ተቃራኒ ነበሩ። በኒፓዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች አንዷ እርሳቸው ሲሆኑ፣ ልጅቱ በልጅነት እጃቸው የሚጭሩትን ድርሰት ሁሉ በቁም ነገር እየተቀበሉ ያነቡ ነበር። አንዲት መምህርት የማስተማሪያ ክፍሏን ትታ ለአንዲት ልጅ ብቻ መምህር ብትሆን፣ ድካሟ ከንቱ እንደማይቀር ኋላ የመጣው ፍሬ መስክሯል።

ማርጋሬት በ1944 ዊኒፔግ ከተማ በሚገኘው ዩናይትድ ኮሌጅ ገብተው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሩ፤ በ1947 ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጃክ ሎረንስ የተባሉትን መሐንዲስ አገቡ። ጥቂት ጊዜም በዊኒፔግ በአንድ የሠራተኞች ጋዜጣ በዘጋቢነት ሠሩ። በ1949 ባልና ሚስቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። በዚያ ሳሉ ሚስተር ጃክ የእንግሊዝ ሱማሌላንድ ተብሎ ይጠራ በነበረው ግዛት የውሃ ማጠራቀሚያ የሚያሠራ መሐንዲስ መፈለጉን ሰምተው ሥራውን ተቀበሉ። በዚህም ምክንያት የ24 ዓመቷ ወይዘሮ በ1950 መጨረሻ ጉዞ ወደ አፍሪካ ሆነ። በመንገድም መርከብ ሲጠባበቁ አምስቱን የሙሴ ኦሪት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አነበቡ። መጻተኛን እንዳያስጨንቁ ለእስራኤል የተሰጠው የኦሪት ዘፀአት ትእዛዝ በልባቸው ታትሞ ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1976 ያሳተሙትን የመጣጥፍ መጽሐፍ የመጻተኛ ልብ የሚል ትርጉም ባለው ስም የሰየሙት ከዚያው ቃል ወስደው ነው።

መርከቡ ያደረሳቸው በርበራ ወደብ ነበር። ከዚያ ወደ ተራራማይቱ ሼክ ወጡ፤ ቀጥሎም በሐርጌሳ ተቀመጡ። ሐርጌሳ ከ1941 ወዲህ የግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ነበር። የእንግሊዝ ሹማምንት በአንድ ወገን፣ የአገሩ ሕዝብ በሌላ ወገን የሚኖሩባት፣ የግመልና የበግ ገበያዋ የደመቀ፣ በደረቅ ወንዝ ዳር የተመሠረተች ከተማ ናት። ብዙዎቹ እንግሊዛውያን ወይዛዝርት ዘመናቸውን በክበብና በሻይ ግብዣ ያሳልፉ ነበር። ወይዘሮ ማርጋሬት ግን ይህ ኑሮ አልጣማቸውም። ባለቤታቸውን ተከትለው ወደ ሐውድ ወረዱ።

ሐውድ ከሐርጌሳ በስተደቡብ የተዘረጋ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው። በ1897 በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል ወደ ኢትዮጵያ የተካለለውን የሐውድ ክፍል፣ ሎረንሶች በደረሱበት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ይዞት ነበር፤ በ1954 በተፈረመው ስምምነት መሠረት በ1955 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዘላኑ ሕዝብ ግን በወረቀት ላይ ከተሠመረው ወሰን ይልቅ ዝናቡን ይከተላል። ጉ የተባለው የበልግ ዝናብ ሲዘንብ ሐውድ ይለመልማል፤ ጂላል የተባለው ደረቅ ወራት ሲገባ ግን ኵሬው ይነጥፋል፣ ሕዝቡም ከብቱን እየነዳ ሩቅ ወዳሉት የውኃ ጉድጓዶች ይጓዛል። በመንገድ የሚቀረው እንስሳም ሰውም ብዙ ነው። የሚስተር ጃክ ሥራ የዝናቡን ውሃ የሚያቍሩ 30 ያህል ታላላቅ የአፈር ማጠራቀሚያዎችን ማስቈፈር ነበር፤ የአገሩ ሰው ባሊ ይለዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ወይዘሮ ማርጋሬት የመጀመሪያውን ትምህርት ተማሩ። መልካም ነገር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ በእልልታ ይቀበሉኛል ብሎ ያስባል። የጎሣ ሽማግሌዎች ግን ባሊውን በጥርጣሬ አዩት። እንግሊዞች ያለ ምክንያት ውሃ አይቈፍሩልንም፣ ምናልባት ግመሎቻችንን ለመፍጀት ወይም መሬታችንን ለመውሰድ የታሰበ ዘዴ ይሆናል ብለው የሠጉ ነበሩ። ወይዘሮዋ በመጀመሪያ በዚህ ተቈጡ፤ ቈይተው ግን ጥርጣሬው ካለማወቅ የመጣ እንዳልነበረ ተረዱ። ብዙ ጊዜ በባዕድ የተገዛና ቃል የፈረሰበት ሕዝብ መጠርጠርን የተማረው ከደረሰበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የባሰ መራራ ነበር። በሰፈራቸው አጠገብ የሚያልፉ ሴቶች መድኃኒት ይለምኗቸው ጀመር። ሴቶቹ ከልጅነት ግርዛት የተነሣ በየወሩና በወሊድ ጊዜ የሚደርስባቸውን ሥቃይ ሲነግሯቸው፣ ወይዘሮዋ በእጃቸው የነበረው የአስፕሪን ኪኒን ብቻ ነበር። በጂላል ወራትም በመንገድ ዳር በውሃ ጥም የደከሙ እናትና ልጅ አግኝተው ከያዙት ውሃ ሰጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸውን ከመቀጠል በቀር ሊያደርጉት የሚችሉት አልነበረም። ርኅራኄ ብቻውን ሥራ እንዳልሆነ፣ የሌላውን መከራ አውቄዋለሁ ማለትም ድፍረት እንደሆነ በዚያ ሜዳ ተገነዘቡ።

ሦስተኛው ትምህርት ግን ደስታን ያመጣ ነው። እኒህ ከግመልና ከውሃ ዕቃ በቀር ንብረት የሌላቸው ሰዎች ወደር የሌለው ሀብት እንደ ነበራቸው አወቁ፤ ሀብታቸውም ቃል ነበር። በሰፈሩ ከሚሠሩት ሰዎች መካከል ሄርሲ የተባለው አስተርጓሚ ሌሊት በእሳት ዙሪያ ተረት ሲያወራ የሰማው ሰው ሁሉ ይመሰጥ ነበር። ጨካኟ ንግሥት አራዌሎ ወንዶችን ስለ ገዛችበት ዘመን፣ ጆሮ ረጅሟ ሰው በላ ዴግዴር ስለ ፈጸመችው ሥራ፣ ስለ ብልኁ ሡልጣን ዊል ዋልም ብዙ ይነገራል። ወይዘሮዋ የሰሙትን ሁሉ በማስታወሻቸው ላይ ያሰፍሩ ነበር።

ከተረቱ ይልቅ የከበደው ግጥሙ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ነው። ጋባይ የተባለው የሱማሌ ታላቅ ግጥም ግን የሚያያዘው በቃላት መነሻ ድምፅ ነው። ባለቅኔው በአንድ ድምፅ ከጀመረ፣ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን እንኳ በየስንኙ ያንኑ ድምፅ እየመለሰ እስከ ፍጻሜው መዝለቅ አለበት። ይህንንም የሚያደርገው ያለ ወረቀት፣ በቃሉ ብቻ ነው፤ ሰሚውም በቃሉ ይዞ ከመንደር ወደ መንደር ያደርሰዋል። ጋባይ ጎሣን ከጎሣ ያዋጋል፣ ያስታርቃልም። ከ1899 እስከ 1920 እንግሊዞችን የተዋጉት ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን በግጥማቸው የሚፈሩት በጦራቸው ከሚፈሩት አያንስም ነበር፤ ወይዘሮ ማርጋሬትም ኋላ ስለ እኒሁ ሰው ሰፊ መጣጥፍ ጽፈዋል። ከጋባይ ሌላ በልዎ የተባለ አጭር የፍቅር ዘፈን ነበረ። ይህን ዘፈን በ1940ዎቹ ዓመታት ያስፋፋው አብዲ ሲኒሞ የተባለ የቦረማ የጭነት መኪና ነጂ ሲሆን፣ ወጣቶች ይወዱት፣ ሽማግሌዎች ደግሞ ይነቅፉት ነበር።

በዚያን ጊዜ የሱማሌ ቋንቋ መንግሥት ያጸደቀው ፊደል አልነበረውም። ስለዚህ ግጥሞቹን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ወይዘሮ ማርጋሬት የሁለት ሰዎች ደቀ መዝሙር ሆኑ። አንደኛው የሱማሌን ቋንቋ ሲያጠኑ የነበሩትና በኋላ በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፖላንዳዊ ሊቅ ቦጉሚል አንድርዜየቭስኪ ናቸው። ሁለተኛው መምህርና ባለቅኔ የነበሩት ሙሳ ሐጂ ኢስማዒል ገላል ናቸው። ሙሳ ገላል ግጥሙን ቃል በቃል እየተረጐሙ፣ በስተጀርባው ያለውን የግመልና የሣር፣ የነፋስና የጎሣ ትርጉም ያብራሩ ነበር፤ አንድርዜየቭስኪ የቋንቋውን ሥርዓት ያስረዱ ነበር፤ ወይዘሮዋም የሰሙትን በእንግሊዝኛ ያሣምሩ ነበር። የኮሌጅ ምሩቋ ከሱማሌው መምህር እግር ሥር ተቀምጠው መማራቸው፣ ገዢና ተገዢ በተለያየ ማዕድ ይበሉ በነበረበት ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

በሐርጌሳ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ለጥቂት ጊዜ በጸሐፊነት በሠሩበት ጊዜ ሥራው በሹማምንቱ ዘንድ ታወቀ፤ የማሳተሚያውም ወጪ በግዛቱ መንግሥት ተሸፈነ። መጽሐፉ በ1954 በናይሮቢ ታተመ። ስሙም ለድህነት የሚሆን ዛፍ የሚል ትርጉም አለው፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ግጥም ለድኻው ጥላ እንደሚሆንለት የሚያሳስብ ስም ነው። የሱማሌን ግጥምና ተረት ሰብስቦ በእንግሊዝኛ ለዓለም በማቅረብ ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው ነው። ይህ ሥራ ለወይዘሮዋም የመጀመሪያ መጽሐፋቸው መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። ካናዳን ለዓለም ያስተዋወቁት ደራሲ የጽሕፈት ሕይወታቸውን የጀመሩት የራሳቸውን ሐሳብ በመናገር ሳይሆን የሌላውን ሕዝብ ቃል በአደራ ተቀብለው በማድረስ ነው።

መጽሐፉ ሲታተም ሎረንሶች ሐርጌሳን ከለቀቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከ1952 እስከ 1957 ጋና ትባል ዘንድ በነበራት በጎልድ ኮስት ተቀመጡ፤ በእነዚህም ዓመታት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። የአገሪቱን ወደ ነጻነት መቃረብ በቅርብ አይተው የጻፉት የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው፣ ከዮርዳኖስ ወዲህ የሚል ስም ያለው፣ በ1960 ታተመ። ወደ ካናዳ ከተመለሱ በኋላ የሱማሌላንድን ማስታወሻቸውን ገልጠው የነቢዩ ግመል ደወል የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ እርሱም በ1963 ወጣ።

ይህ መጽሐፍ የጉዞ ታሪክ ቢባልም ከሌሎች የኤውሮፓውያን የጉዞ መጻሕፍት የሚለየው ጸሐፊዋ ራሳቸውን በመመርመራቸው ነው። በሐርጌሳ ሳሉ ቅኝ ገዢዎችን አጥብቀው ይጠሉና ራሳቸውን ከእነርሱ የተለዩ አድርገው ይቈጥሩ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ወደ ኋላ ሲመለከቱ፣ እርሳቸውም ቢሆኑ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ነበር፣ የአገሩንም ሰው አንዳንድ ጊዜ እርሱ እንደ ሆነ ሳይሆን እርሳቸው እንደ ፈለጉት አድርገው ይሥሉት እንደ ነበር አመኑ። ይህን እምነት ለማንም ሳያላክኩ በራሳቸው እጅ ጽፈውታል።

ከዚህ ምርመራ የሕይወታቸው ታላቅ ውሳኔ ተወለደ። የአፍሪካን ልብ ከውስጥ ሊጽፉት የሚችሉት አፍሪካውያን ራሳቸው መሆናቸውን ተረዱ። በ1968 ስለ ናይጄሪያ ደራሲዎች፣ ስለ ችንዋ አቼቤ፣ ስለ ዎሌ ሾይንካና ስለ ሌሎችም፣ አንድ ሙሉ የሂስ መጽሐፍ አሳትመው ለሙያቸው ተገቢውን ክብር ሰጡ። ለራሳቸው ድርሰት ግን ፊታቸውን ወደ ኒፓዋ መለሱ። የሱማሌ ሽማግሌ የአያቶቹን ስም እስከ ብዙ ትውልድ ሲቈጥር የሰሙ ሴት፣ የራሳቸው አያቶች ቃልም ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን ያወቁት በባዕድ አገር ነበር።

በ1962 ከባለቤታቸው ተለይተው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ፤ ጋብቻውም በ1969 በፍቺ ፈረሰ። በዚያ በኖሩባቸው ዓመታት ኒፓዋን መነሻ አድርገው ማናዋካ የተባለች የልብ ወለድ ከተማ ፈጠሩ፤ አምስት መጻሕፍትም ደረሱባት። የመጀመሪያው በ1964 የወጣው የድንጋይ መልአክ ሲሆን፣ ባለታሪኳ ሐጋር የተባለች የ90 ዓመት ኩሩ አሮጊት ናት፤ ስሟ በበረሃ የተንከራተተችውን የኦሪቷን አጋር ያስታውሳል። በ1966 የወጣውና የእግዚአብሔር ቀልድ የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ ደግሞ የአንዲት ትንሽ ከተማ መምህርትን ሕይወት ይተርካል። ይህች መምህርት ሬቸል ካሜሮን ተማሪዋን ከልብ እየወደደች በፍርሃትና በብቸኝነት ተጨንቃ በማስመሪያ ፊቱን የመታችበት ክፍል፣ የማስተማር ሥራን የሚያውቅ አንባቢ ሳይደነግጥ የሚያልፈው አይደለም። ለዚህ መጽሐፍ የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ1968ም በሲኒማ ተሠራ። በ1969ና በ1970 ሁለት መጻሕፍት ተከተሉ።

በ1974 የወጣው የመጨረሻ ልብ ወለዳቸው በበትር የከርሠ ምድር ውሃ የሚጠቁሙ ሰዎችን በሚያመለክት ስም ይጠራል፤ ለእርሱም ያንኑ ሽልማት እንደገና አገኙ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ውሃ ጠቋሚ አለ፤ ስጦታው ከእርሱ ተለይቶ ወደ ሌላ ሰው የሚያልፍ መሆኑን በጸጋ ይቀበላል። ሜቲስ የተባለው የካናዳ ሕዝብ በጽሑፍ ያልሰፈረ ዘፈንና ተረትም በዚሁ መጽሐፍ ሰፊ ቦታ አለው። በሐውድ ውሃ ሲጠበቅ ያዩት፣ ያልተጻፈ ቅኔም ከሙሳ ገላል የተማሩት ወይዘሮ ይህን መጽሐፍ መጻፋቸው ሊያስገርም አይገባም።

ክብር ብዙ መጣላቸው። በ1971 የካናዳ ኒሻን ከፍተኛው ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በ1973 የካናዳ ደራሲዎች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ፤ ከ1981 እስከ 1983 የትሬንት ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኑ። ነቀፌታም አልቀረላቸውም። ከ1974 ጀምሮ በኖሩበት በሌክፊልድ አካባቢ፣ በ1976 አንዳንድ ሰዎች የመጨረሻ ልብ ወለዳቸው ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ፊርማ አሰባስበው ተነሡ፤ በ1980ዎቹም ክሱ ተደገመ። ነቀፌታው የመጣው ከገዛ ጎረቤቶቻቸው በመሆኑ እጅግ አሳዘናቸው። መጽሐፉን ለተማሪዎቻቸው የመረጡ መምህራን ግን በድፍረት ስለ ተሟገቱለት በትምህርቱ ውስጥ ጸና።

በ1986 የማይድን የሳንባ ካንሰር እንደ ያዛቸው ታወቀ። በጃንዋሪ 5 ቀን 1987 በሌክፊልድ ቤታቸው በ60 ዓመታቸው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ፈጸሙ፤ አመዳቸውም በትውልድ ከተማቸው በኒፓዋ ተቀበረ። የመጨረሻ መጽሐፋቸው በ1989 ሲታተም ስለ ሕይወታቸው የተረኩት በሦስት እናቶች ስም ነው፤ ከእነርሱም አንዷ ማስተማሯን ትታ ያሳደገቻቸው እንጀራ እናታቸው ናት።

የሱማሌ ቃልም ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ተጓዘ። በ1972 የላቲን ፊደል የቋንቋው ጽሕፈት ሆኖ ታወጀ፤ በ1974ም ተማሪዎችና መምህራን ማንበብን ለማስተማር ወደ ገጠር ዘመቱ። ሙሳ ገላል በ1980 ዐረፉ። በ1988 ሐርጌሳ በጦርነት ፈራረሰች፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከተማይቱ ግን እንደገና ተሠራች፤ ከ2008 ጀምሮም በየዓመቱ የመጽሐፍ ትርኢት የሚደረግባት፣ ባለቅኔዎችና ደራሲዎች የሚገናኙባት ሥፍራ ሆነች። ቤት በፈረሰበት ቀን ያልጠፋው ቅርስ፣ በሰው ልብ የተያዘው ግጥም ነበር።

ከዚህ ታሪክ መምህራን የሚወስዱት ስንቅ ግልጽ ነው። ከገጠር መንደር የሚመጣ ተማሪ መጽሐፍ ባይኖረውም ባዶ ራሱን አይመጣም። ከእናቱ የሰማውን ተረት፣ ከአያቱ የተቀበለውን ምሳሌ፣ በእረኝነት የተማረውን ዘፈን ይዞ ይገባል። መምህሩ ይህን እንደ ጭድ ቢጥለው፣ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ቢኖር የወገኖቹ ቃል ዋጋ የሌለው መሆኑን ነው። ቢያዳምጠውና ቢያከብረው ግን ፊደሉ በለመደው መሬት ላይ ይዘራለታል። ወይዘሮ ማርጋሬት ሎረንስ ወደ ሐውድ የሄዱት የሰው እጥረት ሊሞላ የመጣ መሐንዲስ ሚስት ሆነው ነው፤ የተመለሱት ግን ብዙ የተቀበሉ ተማሪ ሆነው ነው። የጻፏቸው መጻሕፍት ሁሉ የዚያ ብድር ክፍያ ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።